«ማኅተም ስመታ ነው የምውለው፤ ፈጣሪ እዚህ ምን ይሠራል?»

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤

ዕድሜዬ 34 ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ውስጥ መስኮት ላይ እሠራለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ ፎርም እቀበላለሁ፣ ስም ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ፣ አትማለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። ሰው ይሰለፋል፣ ይቆጣል፣ ይሄዳል። ሌላው ይተካል።

አማኝ ነኝ። በአምልኮ ቀን ልቤ ይሞላል፣ አለቅሳለሁ፣ ቀለል ይለኛል። በማግስቱ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ያ ሁሉ የት እንደሚገባ አላውቅም። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ሥራዋን ትታ ሙሉ ጊዜዋን ለአገልግሎት ሰጥታለች። ፊቷ ሳይቀር ተለውጧል። እኔ ግን ዕድሜዬን በወረቀት እየጨረስኩ ነው። በዚያ ላይ የምኖርበት ሕንፃ ነዋሪዎች «አንቺ ጽሑፍ ትችያለሽ» ብለው የኮሚቴ ጸሐፊ አድርገውኛል። ከአርባ ቤት ስድስት ሰው በሚመጣበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የደረጃው መብራት ከተቃጠለ አራት ወሩ ነው። አራቱንም ጊዜ ቃለ ጉባኤው ላይ ጽፌዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት መስኮቱን ልዘጋ ስል አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ መጣች። የልጅቷን ስም ሳስገባ አንዱ ፊደል ላይ ተጠራጠርኩ። ጠየቅኳት፤ ማንበብ አትችልም። ለአባትየው ደወለች። እሱም እርግጠኛ አልሆነም። «ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት፣ የጻፈችበትን ወረቀት ልፈልግ» ብሎ መልሶ እስኪደውል ሃያ ደቂቃ ሄደ። ሰርቪስ አመለጠኝ። በጨለማ ደረጃውን ወጥቼ ቤቴ ገባሁና «ለዚህ ነው የተፈጠርኩት?» አልኩ። ሥራውን ልልቀቅ? ወይስ ይህን ኑሮና እምነቴን የሚያገናኝ ነገር አለ?

ከመስኮቱ ጀርባ ያለሁት

* * *

እህቴ፣ «አንቺ» ብዬሽ ልቀጥል። በዕድሜ ታናሼ ነሽ፣ ደብዳቤሽም ለ«እርስዎ» አይመችም።

ሃይማኖትሽን አልጻፍሽም። አውቀሽ ያደረግሽው ይመስለኛል። እኔም ከዚህም ከዚያም እየጠቀስኩ እመልስልሻለሁ፤ ያንቺን አንቺ ታውቂዋለሽ።

አንቺ ከመስኮቱ ጀርባ ነሽ። እኔ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ቆሜ አውቃለሁ።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ነው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በ«ኃ»፣ ሌላው ላይ በ«ሀ» ተጽፏል። ለአፍ ምንም ልዩነት የለውም። ለመዝገብ ግን ሁለት ሰው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «ሁለቱ ሰዎች አንድ መሆናቸውን የሚያስረዳ ነገር አምጣ» አለኝ። የሞተ ሰው ራሱ መሆኑን በምን ያስረዳል? ሁለት ወር ተመላለስኩ። «ነገ ና»፣ «ኃላፊው የሉም»፣ «ሲስተም የለም»። ቃላቱን ታውቂያቸዋለሽ። ምናልባት አንቺም ብለሻቸው ይሆናል።

በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ዘንድ ደረስኩ። ፈገግ አላለችም። «አይዞህ» አላለችኝም። እንዲያውም ኮስታራ ነበረች። ሰነዶቹን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። እስክሪብቶዋን ገልብጣ በጀርባው ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስኬደች የአባቴን ስም ከነአያቴ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ደገመችው። «እንዲህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እርግጠኛ ነህ? ከታተመ በኋላ ማስተካከል አበሳ ነው።» እርግጠኛ ነኝ አልኳት። አተመችው፣ ማኅተሙን ቀለም አስነክታ ስሙን እንዳይሸፍን ወደ ጥግ አድርጋ መታችው፣ እፍ ብላ አደረቀችው፣ ሰጠችኝ።

ከቀብሩ በኋላ የአባቴን ሙሉ ስም ከሰው አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነበር። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እሷ አላየችኝም። ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠርታለች።

ይኸው ብዙ ዓመት አለፈ። ያቺ ሴት ምን እንደምታምን አላውቅም። ያን ቀን ልቧ ሞልቶ ነበር ወይስ ምሳ ሰዓቷን እየጠበቀች ነበር፣ እሱንም አላውቅም። ለእኔ ግን ለውጥ አልነበረውም። ስሙ ልክ ነበር።

የደብዳቤሽ ቋጠሮ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንቺ የምትፈልጊው በአምልኮ ቀን የሚሰማሽን ስሜት ሰኞ ወንበርሽ ላይ እንድታገኚው ነው። ስታጪው ፈጣሪ እዚያ የለም ትያለሽ። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ስሜቱ ለአንቺ የተሰጠ ስንቅ ነው። ሥራው ግን ለሌላ ሰው ነው። ሥራሽ መንፈሳዊ መሆኑ የሚለካው አንቺ በሚሰማሽ ከሆነ፣ ከመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው የት ገባ?

የድሮ መነኮሳት ይህን ነገር ያውቁት ነበር። አባ እንጦንስን ታውቂው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ356 ያረፈው የግብፅ በረሓ አባት። ስለ እርሱ ከሚተረከው አንዱ እንዲህ ነው። በረሓ ተቀምጦ ሳለ መሰልቸት ያዘው። ልብ በይ፣ ያን ሁሉ ትቶ የመነነ ሰው ነው የሰለቸው። «መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አላስቀምጥ አለኝ» ብሎ ጸለየ። ወጣ ሲል ራሱን የሚመስል ሰው አየ። ሰውየው ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ተቀምጦ ይጎነጉናል፣ ደግሞ ይነሣል። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» ተባለ። ራእይ መጣለት፤ የታየው ግን ገመድ ጎንጓኝ ነው።

ሌላውን ደግሞ የበለጠ እወደዋለሁ። ለዚሁ ለእንጦንስ «በከተማ አንተን የሚተካከል ሰው አለ» ተብሎ ተገለጠለት። ሰውየው ሐኪም ነበር። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፣ በየቀኑ ከመላእክት ጋር «ቅዱስ ቅዱስ» ይላል። ታሪኩ በዚሁ ያበቃል። ሐኪሙ ሕክምናውን ትቶ በረሓ ወረደ አይልም። ስሙን እንኳ አይነግረንም። ቁስል ሲያጥብ፣ ሲጠግን፣ የሰው ሰቆቃ ሲሰማ ይውል ነበር፤ እዚያው ሆኖ ከመነኮሳት አባት እኩል ቆመ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። «ሙሉ ጊዜዋን ለአገልግሎት ሰጠች» ብለሻል። ቆይ እስቲ፣ አንቺ መስኮት ላይ የተለጠፈው ምን ይላል? «አገልግሎት» አይልም? ቃሉ አንድ ነው። ቋንቋችን በአምልኮ ቦታ የሚደረገውንና በመስኮት የሚደረገውን በአንድ ስም ሲጠራ ድንገት ይሁን ታስቦበት አላውቅም፣ ግን ደስ ይለኛል። «ባለጉዳይ» የሚለውንም እይው። ጉዳይ ያለው ሰው ማለት ነው። ወደ አንቺ የሚመጣ ሁሉ የሆነ ነገር ሆኖበት ወይም ሆኖለት ነው የሚመጣው። ተወለደለት፣ አገባ፣ ሞተበት። ከልደት፣ ከጋብቻና ከሞት ውጭ ሥራ የለሽም! የሃይማኖት አባቶችም የሚጠሩት ለእነዚሁ ለሦስቱ ነው። ልዩነቱ እነሱ ሲመጡ ሰው ይነሣል፤ አንቺ ዘንድ ሲመጣ ይሰለፋል።

ጓደኛሽን አትቅኚባት። የእሷ መንገድ የእሷ ነው። ግን ከእሷ መንገድ ውጭ ያለው ሁሉ ባዶ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ዘንድ ቀራጮች መጥተው «ምን እናድርግ?» ሲሉት ምን አላቸው? ያኔ ቀራጭ ማለት ሕዝቡ የሚጠላው ሰው ነው። «ሥራችሁን ተዉ» ይላቸዋል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ነው ያላቸው። ወታደሮቹንም ማንንም እንዳይበድሉና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። ምድረ በዳ የሚኖር፣ የግመል ጠጉር የለበሰ ሰው እኮ ነው ይህን የሚለው። የሰጣቸው መልስ ደግሞ የቢሮ መመሪያ ይመስላል። እርግጥ ማቴዎስ ተጠርቶ የቀረጥ ጠረጴዛውን ትቶ ሄዷል። ሁለቱም አለ።

እስልምናም በዚህ በኩል ፈርጠም ያለ ነው። የቡኻሪ የሐዲስ (የነቢዩ ንግግሮች) ስብስብ የሚከፈተው ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ በተላለፈው ሐዲስ ነው፦ ሥራ ሁሉ የሚለካው በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ማለት ነው። ያው ወንበር፣ ያው ፎርም፣ ያው ማኅተም በኒያ ሌላ ነገር ይሆናል። ግን አደራ፣ ኒያ የተበላሸ ሥራን አያቃናም። ለአላህ ብዬ ነው እያልሽ የሰው ስም ብታሳስቺ ስሙ ያው ተሳሳተ።

ስለ ሥራሽ ደግሞ ከእምነት ውጭም አንድ ነገር ልበል። ዘጠኝ ዓመት ስለቆየሽበት አይታይሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሰባተኛ አንቀጽ፣ ልጅ እንደተወለደ ወዲያው የመመዝገብና ስም የማግኘት መብት አለው ይላል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከአምስት በታች የሆኑ ወደ 150 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች አልተመዘገቡም። ያልተመዘገበ ልጅ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ማስረጃ የለውም። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የተወሰነባትን ልጅ «ገና ናት» ብሎ ለመከራከር ወረቀት ያስፈልጋል። ልጁን «ደርሷል» ብለው ለውትድርና ሲወስዱት የሚከራከርለት ወረቀት ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ የአባቱን ሲወርስ ያው ነው። ይህ ወረቀት ካንቺ እጅ ነው የሚወጣው። «በወረቀት ዕድሜዬን እየጨረስኩ ነው» አልሽ። ወረቀቱ እኮ ያንቺ ዕድሜ አይደለም፤ የእነሱ ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ይህን ሁሉ ሰምተሽ «እሺ፣ ነገ በፈገግታ እገባለሁ» ብትዪ ተናደድኩ ማለት ነው። ፈገግታ አልጠየቅኩሽም። ፈገግታ ሦስት ቀን ይቆያል።

ኤሚ ሬዝኔስኪ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣችው ጥናት አለ። ሰዎች ሥራቸውን በሦስት መልክ ያዩታል ትላለች፦ እንደ እንጀራ ማግኛ፣ እንደ ዕድገት መሰላል፣ እንደ ጥሪ። የሚገርመው ክፍል ይኼ ነው። ከተጠኑት መካከል 24 የቢሮ ረዳቶች ነበሩ፣ ሥራቸው የአንቺን የሚመስል፣ እርስ በርሱም ተቀራራቢ። እነዚህ 24 ሰዎች ለሦስቱ እይታዎች እኩል ለመባል በሚቀርብ ቁጥር ተከፋፈሉ። ስለዚህ «ሥራው ነው እንዲህ ያደረገኝ» የሚለው ሙሉ መልስ አይሆንም። «አመለካከትሽን ቀይሪ» የሚለውም ግን አይዋጥልኝም። ሰው ተቀምጦ አመለካከቱን አይቀይርም። እጁ የሚያደርገውን ትንሽ ነገር ይቀይርና አመለካከቱ እያዘገመ ይከተለዋል። እኔ ያየሁት እንዲህ ነው።

እና እጅሽ ምን ያድርግ?

ስሙን ጮክ ብለሽ አንብቢ። የእያንዳንዱን፣ ከማተምሽ በፊት፣ ለባለቤቱ። አምስት ሰከንድ ይፈጃል። በቀን ስልሳ ሰው ብታስተናግጂ በጠቅላላው አምስት ደቂቃ ነው። ስሕተት ይቀንስልሻል፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። አማኝ ስለሆንሽ ግን ሌላም ነገር እንዳለው ታውቂያለሽ። በጸሎትሽ የሰው ስም ትጠሪ የለ? እዚህም ስም ትጠሪያለሽ። ከዚያ በላይ ምንም አትጨምሪበት። ባለጉዳዩ ጸሎት መሆኑን ማወቅ አያስፈልገውም። ዝም ብሎ «አዎ፣ እሱ ነው» ይበልሽ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ሰው ስትመልሺ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ንገሪው። የመስኮት ትልቁ ኃጢአት ቁጣ አይመስለኝም። ዛሬ «ኮፒ አምጣ»፣ ነገ «ፎቶውስ?»፣ ከነገ ወዲያ «ምስክሮቹስ የታሉ?» ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ክፉ ላይሆን ይችላል። ፎርሙን እስከ መጨረሻው ገልብጦ ስላላየ ነው፣ ስለደከመው ነው። ባለጉዳዩ ግን ሦስት ቀን ከሥራው ቀርቷል፣ ሦስት ቀን ተሳፍሯል። ጉቦ ስላልተቀበልሽ ብቻ የሰው ገንዘብ አልወሰድሽም ማለት አይደለም። ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛሽ ላይ ይኑር። የሚጎድለውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለሽ ጻፊና ስጪው። በዚህ የሚደረግልሽን ምርቃት ቆጥረሽ አትጨርሺውም።

ሦስተኛው ስለ ዕቃዎችሽ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቤኔዲክቶስ የሚባል የምዕራቡ ዓለም መነኩሴ ለገዳሙ ሥርዓት ሲጽፍ፣ የዕቃ ቤት ኃላፊው የገዳሙን ዕቃ ሁሉ እንደ ንዋየ ቅድሳት እንዲይዝ አዘዘ። ድስቱንም አካፋውንም ማለት ነው። የማኅተሙ ቀለም ሲደርቅ አንዳንድ ቦታ እንዴት እንደሚመታ አይቻለሁ፤ ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ አይታይም። ያ ወረቀት ሌላ ቢሮ ሲደርስ «ማኅተሙ አይነበብም» ተብሎ ይመለሳል። ቀለሙን ጠዋት ሙዪው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሰልቺ ቀን ይኖርሻል። ብዙ ይኖርሻል። ስሙን እያነበብሽ ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ይሆናል። በአምልኮ ቀንም እኮ ሐሳብሽ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ያኔ አምልኮውን አቋርጠሽ አትወጪም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ካልጨመርኩ ምክሬ ይጎዳሻል። «ሥራ ጥሪ ነው» የሚለው አባባል አለቆች ጆሮ ሲገባ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ባንደርሰንና ቶምፕሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የእንስሳት ማቆያ ሠራተኞችን አጥንተው ነበር። ሥራቸውን እንደ ጥሪ የሚያዩት ብዙ ትርጉም ያገኙበታል። በዚያው ልክ ደመወዝን፣ የግል ጊዜንና ምቾትን አሳልፈው ለመስጠት የተዘጋጁ ናቸው፣ አሠሪ ሊበዘብዛቸውም ይቀላል። አንቺም ከዚህ አታመልጪም። ሰርቪስ ያመለጠሽ ቀን ያደረግሽው መልካም ነው። በየቀኑ ሰርቪስ የሚያመልጥሽ ከሆነ ግን የሰው ኃይል ጎድሏል ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ በጽሑፍ ለኃላፊሽ ማቅረብ አለብሽ። የደመወዝ ጥያቄ ማንሳት እምነት ማጉደል አይደለም። የዕረፍት ፈቃድሽን ውሰጂ። ዕረፍትን ትእዛዝ ያደረገው ፈጣሪ ራሱ ነው፤ ከእሱ በላይ ታታሪ መሆን ምን ይባላል?

ኮሚቴው ቀረ። እውነት ለመናገር ደብዳቤሽ ውስጥ ያሳቀኝ እሱ ነው። አራት ጊዜ የተጻፈው መብራት።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያሠራበትን ታሪክ አንብበሽ ከሆነ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ብዙ ሰው ዘሎ ያልፋል። የስም ዝርዝር ነው፦ ይህን በር እገሌ አደሰ፣ ከእሱ ቀጥሎ እገሌ አደሰ። ለእኔ ግን ቃለ ጉባኤ ነው። የሆነ ሰው ተቀምጦ ማን የቱን እንደሠራ መዝግቧል፤ እንደ አንቺ ያለ ጸሐፊ። ውስጡ ደግሞ ዝርዝሩ ይጣፍጣል። ወርቅ አንጣሪና ሽቱ ቀማሚ ቅጥር ሲያድሱ ታያለሽ። ሰሎም የሚባል የአውራጃ ገዢ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠርቷል። መልክያ የሚባል ሌላ ገዢ የጉድፍ መጣያውን በር አደሰ፤ ያንን በር ማን ይመርጠዋል? የቴቁሔ ሰዎች ሠሩ፤ ታላላቆቻቸው ግን አንገታቸውን ዝቅ አላደረጉም ይላል፤ ስብሰባ የቀሩትም ተመዝግበዋል ማለት ነው! ብዙዎቹ ደግሞ የሠሩት በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ነው። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ።

ያንቺ ቃለ ጉባኤ ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። አንቺ የጻፍሽው «መብራቱ መቀየር እንዳለበት ተስማማን» የሚል ይመስለኛል። ስም የለውም። ቀን የለውም። በሚቀጥለው ስብሰባ «የደረጃውን መብራት እገሌ እስከዚህ ቀን ይቀይራል» ካልተባለ አጀንዳው እንዳይዘጋ አድርጊ። ዝም ካሉ ዝም በዪ፤ ዝምታው ሲከብድ አንዱ እጁን ያነሣል። አምፖሉን ራስሽ ገዝተሽ አትትከዪው። ክፋት ስለሆነ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠል ሁሉ ያንቺ ስለሚሆን ነው። የጸሐፊነት ጊዜሽንም ወስኚ፣ አንድ ዓመት በቂ ነው፣ ከዚያ ለሌላ አስረክቢ።

ግን «የደረጃ መብራት ከእምነት ጋር ምን አገናኘው» እንዳትዪኝ። በሐዲስ፣ እምነት ከሰባ በላይ ቅርንጫፎች አሉት ይባላል። ከፍተኛው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» (ከአላህ በቀር አምላክ የለም) ማለት ነው። ዝቅተኛው ደግሞ ከመንገድ ላይ ሰው የሚጎዳ ነገር ማስወገድ ነው። ዝቅተኛ ይሁን እንጂ እዚያው ዛፍ ላይ ነው ያለው። በጨለማ ደረጃ ላይ አንድ አዛውንት ቢወድቁ፣ ከአርባው ቤት ማን በእምነቱ እንደበረታ ማውራቱ ምን ይረባል?

ወደ ጥያቄሽ፦ ልልቀቅ? አሁን አትልቀቂ። መሥሪያ ቤትሽ ሐሰት ጻፊ፣ ሰው በድዪ የሚልሽ ከሆነ ዛሬውኑ ውጪ፤ ዮሐንስም ለዚያ ቦታ አልሰጠም። ወደ ሌላ ነገር የሚስብሽ ጥሪ ካለም ጊዜ ሰጥተሽ፣ ከሚያውቁሽ ጋር ተማክረሽ ሂጂ። ከመሰልቸት ለመሸሽ ብቻ ከሆነ ግን እንጦንስን በረሓ ድረስ ተከትሎታል፣ አንቺንም አይምርሽም። ሁለት ወር ስም አንብቢ፣ ቁራጭ ወረቀቷን ጻፊ፣ ቀለሙን ሙዪ። ከዚያ ያው «ልልቀቅ» ካልሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ሌላ ነገር እናወራለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አምልኮ ቀን አንድ መስመር ጻፍሽ። ስለ ጓደኛሽ ከዚያ ትንሽ የበለጠ። ስለዚያች እናትና ስለ አንዲት ፊደል ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ፣ ከነስልክ ጥሪው፣ ከነደቂቃው። የተማረርሽ መስሎሽ ነው የጻፍሽው። ማንበብ ለማትችል ሴት የፈለግሽውን ፊደል ጽፈሽ መገላገል ትችይ ነበር፤ ማንም አያውቅብሽም ነበር። ወረቀቱ እስኪገኝ ጠበቅሽ። እኔ የዚያችን ልጅ ያህል ዕድለኛ አልነበርኩም፤ ለእኔ ሁለት ወር ፈጀ።

የልጅቷን ስም አልጻፍሽልኝም። አትጻፊልኝም ደግሞ፤ የመዝገብ ሠራተኛ የባለጉዳይ ስም ውጭ አታወጣም። ታስታውሺዋለሽ ግን፣ አይደል? በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍም ጭምር።